የሁለት ልጆች እናት ሸክላ

እናቶች፣ ሥራ ውለን ስንገባ ልጅ ያለቅሳል፣ ወጥ ይንተከተካል፤ ዘፈን የምንሰማውም በዚያው መሐል ነው። አሜሪካዊቷ ካሮል ኪንግ ዘፈን የምትደርሰውም በዚያው መሐል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ18 ዓመቷ፣ ሕፃን ታቅፋ ከባለቤቷ ከጄሪ ጎፊን ጋር ለሌሎች ዘፋኞች ትሠራ ነበር፤ እርሷ ዜማውን፣ እርሱ ግጥሙን። ሽሬልስ የተባሉት ወጣት ሴቶች የተጫወቱት፣ ወንዱን «ነገም ትወደኛለህ ወይ?» የሚለው ዘፈናቸው በ1961 በአገሩ አንደኛ ወጣ።

ኋላ ትዳሩ ፈረሰ። ካሮል ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረች። በ1971 «ታፔስትሪ» በተባለው ሸክላዋ ያንኑ ዘፈን ቀስ አድርጋ በገዛ ድምፅዋ ደገመችው። እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው፤ ኮረዳ የምትጠይቀውና መልሱን ያየች እናት የምትጠይቀው አንድ አይደለም። ድምፅዋ ደግሞ የተሞረደ አይደለም፤ ቡና ላይ እንደምታወጋ ጎረቤት ነው።

ሸክላው 15 ሳምንት በአንደኛነት ቆየ። በ1995 እነሴሊን ዲዮን ዘፈኖቹን እንደገና ተጫውተው አሳትመዋቸዋል፤ ዛሬም ይደመጣል።

በ1972 የግራሚ ሽልማቶች ሲታደሉ የዓመቱ ምርጥ አልበም የእርሷ ሆነ። የዓመቱ ምርጥ ድርሰት ሽልማትም ደረሳት፤ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ካሮል ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም፤ በሁለተኛ ትዳሯ የወለደቻትን የጥቂት ወራት ሕፃን ይዛ ቤቷ ቀርታለች። ከመካከላችን ይህን የማይረዳ ማን አለ?

የሸክላውን ሽፋን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ መስኮት ሥር ተቀምጣለች፣ ድመቷ ከፊቷ፣ በእጇ ራሷ የጠለፈችው ጨርቅ። ለፎቶግራፍ እንኳ ጫማ አላደረገችም።