የግድብ ጥናት ሚዛኑ ወንዙ ነው

ታላላቅ ግድቦች ፋብሪካን በማንቀሳቀስና ጎጆን በማብራት ረገድ ያላቸው ድርሻ ከቶ የሚያከራክር አይደለም። አከራካሪው ግድቡ በወንዙና በዳርቻው ሕዝብ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ የሚመረምረው ሳይንሳዊ ጥናት በምን ይመዘናል የሚለው ነው። ግድቡን ያወደሰውን ጥናት ሁሉ እውነት፣ የነቀፈውን ሁሉ ጠላትነት አድርጎ መውሰድ ምዘና አይደለም።

በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባውንና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ግልገል ጊቤ ሦስትን በአብነት እንመልከት።

በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥናቱ መቼ ተጠናቀቀ የሚለው ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር ይደነግጋል። ይሁን እንጂ የግድቡ የግንባታ ውል የተፈረመው ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተጽዕኖ ጥናቱ የመጨረሻ ሰነድ የወጣው ጥር 2001 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚደርስ ጥናት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ጥናቱ የለካው ምንድን ነው የሚል ነው። የቱርካና ሐይቅ ከሚያገኘው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የኦሞ ነው። በመሆኑም ተቺ ጥናቶች ሐይቁ ይጎድላል ሲሉ አስጠነቀቁ። ግድቡ ከጥር 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃ ሲይዝ የሐይቁ ከፍታ በእርግጥ ዝቅ አለ። ዩኔስኮም የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን በ2010 ዓ.ም. አደጋ ከተደቀነባቸው ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን በከባድ ዝናብ ምክንያት ሐይቁ ሞልቶ ዳርቻውን አጥለቀለቀ።

ከዚህ በመነሣት «ሥጋቱ ሁሉ ከንቱ ነበር» ብሎ መደምደም የዝናቡን ሥራ ለግድቡ ማስቆጠር ነው። የሐይቁ ከፍታና የወንዙ የየዓመቱ ሙላት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸውና። የዳሰነች፣ የካሮና የሙርሲ አራሽ ማሽላውን የሚዘራው ወንዙ ሞልቶ በሸሸበት እርጥብ ደለል ላይ ነበር። የአስገንቢው ጥናት ለዚህ መፍትሔ ያለው በየዓመቱ ከግድቡ የሚለቀቅ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ነበር። እንግዲህ ጥናቱ የሚመዘነው የተባለው ጎርፍ በተባለው ጊዜና መጠን ማሳው ላይ መድረስ አለመድረሱን በመለካት ነው። መጥቶ የማይሸሽ የሐይቅ ሙላት የዚያን አራሽ ማሳ ያሰጥማል እንጂ አያለማም።

ከዚህ አኳያ ጥናት በሰነድ መደርደሪያ የሚያበቃ ሳይሆን፣ ግድቡ እስካለ ድረስ በልኬት የሚታደስና ውጤቱ ለሕዝብ በግልጽ የሚቀርብ ሊሆን ይገባል። በቀበሌው አምፖል የሚያበራ ነዋሪም ሆነ በፋብሪካው ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ፣ ለዚያ ኃይል የወንዙ ዳር ወገኑ የከፈለውን ዋጋ የማወቅ መብትም ግዴታም አለበት። ጥናቱ መቼ ተሠራ? ማን አሠራው? ምን ለካ? የተነበየውስ ደረሰ ወይ? እያለ ይጠይቅ!