የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ፦ ጥቅሙና ዋጋው

የፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም ምርት ይቋረጣል፤ ኪሳራውም በቀጥታ በአሠሪው ላይ ይወድቃል። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሥራ ሲያቆም ግን አሠሪው የሚያጣው ትርፍ የለም፤ የመጀመሪያውን ጉዳት የሚቀበለው በድርድሩ ድምፅ የሌለው ተማሪ ነው። ስለዚህ የመምህራን አድማ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ጥያቄ በተገኘው የደመወዝ ጭማሪ ብቻ ሊመለስ አይችልም። አድማው ምን ያህል ቆየ፣ የማንንስ ጥያቄ ይዞ ተነሣ የሚሉት ነጥቦች አብረው ሊመዘኑ ይገባል።

የቆይታውን ክብደት የውጭ አገር ጥናቶች ያሳያሉ። ዴቪድ ሃውሜና አሌክሳንደር ዊሌን እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ በአርጀንቲና በአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸው ወቅት በአማካይ 88 የሚደርሱ የትምህርት ቀናት በአድማ የባከኑባቸው ልጆች፣ ካደጉ በኋላ የሥራ ገቢያቸው ለወንዶች በ3.2፣ ለሴቶች በ1.9 በመቶ ቀንሷል። በአንጻሩ ሜሊሳ ላየንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2023 የተደረጉ 772 አድማዎችን መርምረው፣ የመምህራን ክፍያ በአማካይ በ8 በመቶ እንዳደገና በተማሪዎች ውጤት ላይ የጎላ ጉዳት እንዳልታየ ደርሰውበታል። እዚያ አብዛኞቹ አድማዎች አጭር ነበሩ፤ 10 ቀንና ከዚያ በላይ የቆዩት ግን የሒሳብ ውጤትን ለጊዜው ዝቅ አድርገዋል።

የጥያቄውን ይዘት በተመለከተ የ1966ቱ የኢትዮጵያ መምህራን አድማ ጥሩ ማስረጃ ነው። የካቲት 11 ቀን የተጀመረው ይህ አድማ የደመወዝን ጥያቄ «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ከመቃወም ጋር አጣመረ። ዕቅዱ ለብዙኃኑ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት የሚያስቀድም በመሆኑ፣ ተቃዋሚዎቹ የድኻውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት ደጃፍ የሚያስቀር አድርገው አዩት። ተማሪውና ወላጁ ከመምህሩ ጎን የቆሙትም በዚህ ምክንያት ነው። መንግሥት በዚያው ወር ዕቅዱን አገደ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም የካቲት 20 ቀን ሥልጣን ለቀቀ። ለካቢኔው መውደቅ የወታደሩ እንቅስቃሴና የነዳጅ ዋጋ መናር ያስነሣው የታክሲ ነጂዎች አድማ ድርሻ ስለነበራቸው፣ ውጤቱ ሁሉ ለመምህራን ብቻ ሊሰጥ አይገባም። ሆኖም ጥያቄያቸው ደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ደጋፊ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ተማሪን ለመጠበቅ አድማን ፈጽሞ መከልከል ይሻላል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቅን ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰውና አቤቱታው ሰሚ ያጣ መምህር ወይ ሙያውን ይለቃል፣ ወይ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ክፍል ይገባል። ይህም ተማሪን ይጎዳል፤ ልዩነቱ የባከነው ቀን በመዝገብ አለመስፈሩ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሥራ የማቆምን መብት ካወቀ በኋላ፣ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች በመብቱ እንደሚጠቀሙ በሕግ እንዲወሰን ይተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አይመለከትም። ስለሆነም የመንግሥት መምህራንን የሚመለከት ግልጽ ሥርዓት ያስፈልጋል፦ ቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ ቀነ ገደብ ያለው ድርድር፣ ገለልተኛ ገላጋይ፣ የባከኑ ክፍለ ጊዜያት የሚካካሱበት የጽሑፍ ስምምነት። አድማ የሚያዋጣው አጭር ሲሆን፣ የተማሪውንም ጥቅም ሲያካትትና ድርድሩ በእርግጥ ከተሟጠጠ በኋላ ሲመጣ ነው። ድርድሩን በወቅቱ የመጀመር ኃላፊነት ደግሞ በቅድሚያ የአሠሪው ነው።