ከፕሮጀክቱ በፊት ተፋሰሱ ይጠና

የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ደጋ፣ የካታር ወንዝ ደግሞ ከአርሲ ደጋ ተነስተው ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ከዝዋይ የሚተርፈው ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ ደቡብ ወርዶ አብጃታ ሐይቅ ላይ ያበቃል። አብጃታ መውጫ የለውም። ዝዋይ ያስተረፈለትንና ከላንጋኖ ሐይቅ በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል የሚደርሰውን ይቀበላል፤ ከዚያ የሚቀረው ትነት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዝዋይና ከገባሮቹ የሚሳበው ውኃ ዞሮ ዞሮ የሚጎድለው ከአብጃታ ነው። ይህን የአካባቢው ገበሬም፣ ዓሣ አስጋሪም፣ የውኃ መሐንዲስም ያውቀዋል። የፈቃድ አሰጣጣችን ግን እንደማያውቀው ሆኖ ይሠራል።

አንድ ባለሀብት በዝዋይ ዳርቻ እርሻ ሊያለማ ሲመጣ በራሱ ወጪ አማካሪ ቀጥሮ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ያስጠናል። ሐይቁ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ስላለው አንድ እርሻ የሚስበው ውኃ ትንሽ ይመስላል፤ “ተፅዕኖው ዝቅተኛ ነው” ተብሎ ያልፋል። ቀጣዩም በዚያው መንገድ ያልፋል። ከመቂ ከተማ እስከ ባቱ ከተማ በየማሳው ዳር ጥቁር ቱቦ ዘርግተው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡት የሞተር ፓምፖች ደግሞ አንድ በአንድ ሲታዩ ትንሽ ስለሆኑ ግምገማው ውስጥ አይገቡም። ሁሉም ተደምረው ምን ያህል እንደሚወስዱ የሚጠይቅ መዝገብ የለም።

ውጤቱን ማየት የሚፈልግ አብጃታ ይውረድ። ቀድሞ ውኃ የነበረበት ሜዳ ነጭ ጨው ጋግሯል፤ ነፋስ ሲነሳ አቧራው ዓይን ያቃጥላል። ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከስፋቱ ከግማሽ በላይ አጥቷል። ከላይ የሚመጣው ውኃ እየቀነሰ ሳለ ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካም ከራሱ ከሐይቁ ውኃ ይስብ ነበር። በሻላ ሐይቅ ደሴት የሚራቡት ፔሊካኖች ምግባቸው የአብጃታ ዓሣ ነበር፤ ጨዋማነቱ በርትቶ ዓሣው ሲያልቅ ርቀው ለመብረር ተገደዱ። ይህ ሁሉ የደረሰው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በተከለለ ሥፍራ ነው።

ጉዳዩ የወፎችና የአብጃታ ብቻ ቢመስል ስህተት ነው። ዝዋይ ውኃው ጣፋጭ ሆኖ የቆየው በቡልቡላ በኩል መውጫ ስላለው ነው፤ ወንዙ ጨውን ይዞለት ይወጣል። ዝዋይ ጥልቀቱ በአማካይ አራት ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከፍታው ጥቂት ሲወርድ የቡልቡላ ፍሰት ክፉኛ ይቀንሳል። ፍሰቱ ከተቋረጠ ጨው እዚያው ይከማቻል። የባቱ ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው፣ አበባውና ሽንኩርቱም የሚበቅለው በዚሁ ውኃ ነው። ይህን አደጋ የአንድ እርሻ የግምገማ ሰነድ ሊያሳይ አይችልም፤ የሚያሳየው ተፋሰሱን በሙሉ ያየ ጥናት ብቻ ነው።

ሕጉ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአንድ ፕሮጀክት ተፅዕኖ ከሌሎች ተፅዕኖዎች ጋር ተደምሮ፣ ክልል ተሻጋሪነቱም ታይቶ እንዲመዘን ያዛል። የመንግሥት ፖሊሲዎች፣ ስትራቴጂዎችና ፕሮግራሞችም በግምገማ እንዲያልፉ ይላል። የጎደለው ፈጻሚ ነው። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ከባለሥልጣን ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ወደ ባለሥልጣን ተለውጧል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ባለሥልጣንም ተቋቁሞ ነበር፤ ኋላ ሥራው ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠቃለለ። በየለውጡ መካከል ባለሙያ ይበተናል፣ መረጃ ይጠፋል። ከዚህም በላይ ግምገማን የመመርመር ሥልጣን ልማቱን ለሚያስፋፉት መሥሪያ ቤቶች በውክልና የተሰጠበት ጊዜ ነበር፤ ይህን አሠራር ፈጽሞ ልንደግፈው አንችልም።

የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ሐረር የመጠጥ ውኃ ምንጯን አጣች። በቅርብ ዓመታት ውኃው ቢመለስም ከደረቀ በኋላ ስለ እሱ የተካሄደው ስብሰባ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በዝዋይና በአብጃታ ይህ እንዲደገም አንፈልግም።

የተፋሰስ ጥናት ኢንቨስትመንትን ያዘገያል የሚሉ ባለሥልጣናት አሉ። ሥጋታቸውን እንረዳለን፤ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት በየከተማው ሞልቷል። ነገር ግን የሚያዘገየው ዛሬ ያለው አሠራር ነው። እያንዳንዱ አልሚ ስለ አንድ ሐይቅ ደጋግሞ ከዜሮ ያስጠናል፤ ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ ደግሞ ውኃው አይበቃም ወይም ከታች ካሉ ነዋሪዎች ጋር ያጋጨዋል። ምን ያህል ውኃ እንዳለና ለማን እንደተመደበ አስቀድሞ የተነገረው አልሚ ግን የቱ ቦታ እንደሚያዋጣው ያውቃል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። ተፋሰሱ ኦሮሚያንና ማዕከላዊ ኢትዮጵያን ስለሚነካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሁለቱ ክልሎችና ከውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በመንግሥት በጀት ጥናቱን ያስጀምር። አልሚ የሚከፍለው አማካሪ አይሥራው። ረቂቁ በኦሮምኛና በአማርኛ ወጥቶ በመቂ፣ በባቱና በቡልቡላ ከተሞች ሕዝብ ይወያይበት፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 የሰጠው መብት ነውና። ወደ ቡልቡላ ወንዝ መውረድ ያለበት ዝቅተኛ የውኃ መጠን በቁጥር ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ እያንዳንዱ ፕሮጀክት በዚያ ቁጥር ይመዘን። ጥናቱ ይፋ እስኪሆን ከዝዋይና ከገባሮቹ ለሰፋፊ እርሻዎች አዲስ የውኃ ፈቃድ መስጠት ይቁም፤ ፈቃድ ያላቸውም በየመሳቢያቸው ቆጣሪ አስገብተው ንባቡን በየወሩ ለሕዝብ ያሳውቁ።