ዜሮ ሲዞር ሌላ ቤት የሚገባው ስልክ

«እናቴ የአባቴን ማስታወሻ፣ ያንን በጣት የሚዞር ስልክ፣ አላስነሳም ብለዋል። በ09 ሊደውሉልኝ ሲሞክሩ ግን የማያውቁት ሰው ያነሳል» ላልሽን እህታችን፦ አይዞሽ፣ ስልኩ አይጣልም።

ዜሮ ማለት 10 ምት ነው። ምቱ የሚላከው ደግሞ መዘውሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። እማማ በጣታቸው ከገፉት ወይም ከያዙት ቁጥሩ ይዛባል። እስከ ጥጉ አዙረው ይልቀቁት። ቢለቁትም እያዘገመ ከተመለሰ ውስጡ ደርቋልና ለጠጋኝ ስጪው፤ የምግብ ዘይት እንዳታፈሺበት!

«1» ዞሮም «ቱ...» የሚለው ድምፅ ካልተቋረጠ የእጀታውን ማስቀመጫ አንዴ ቶሎ ጫን አድርገሽ ልቀቂ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ያለው መዘውሩ ላይ ነው። ካልጠፋ መስመሩ የድሮውን ምት አልቀበል ብሎ ይሆናል።

እስከዚያው አንቺ ቀድመሽ ደውይላቸው። መዘውሩ ቢበላሽም ደወሉ ይጮሃል።