ተዋጊው ይለምናል፣ አስማተኛው ያውጃል

እስቲ ከጥያቄ እንጀምር። አራት ጓደኛሞች አንድ ጠረጴዛ ከብበው፣ ለአራት ሰዓት አብረው አንድ ታሪክ ሊፈጥሩ ተስማሙ እንበል። ከአራቱ አንዱ ሦስቱን ሰዓት የሌሎቹን ጨዋታ እያየ ካሳለፈ፣ ተጫዋች እንበለው ወይስ ተመልካች? ለእኛ ተመልካች ነው። በምናባዊ የጠረጴዛ ጨዋታዎች ውስጥ ደግሞ ይህ ምስኪን ብዙውን ጊዜ ጎራዴ የታጠቀው ነው።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ እናስረዳ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርንሰን ተዘጋጅቶ አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ተዋጊ ይሆናል፣ ሌላው አስማተኛ፣ ሌላው ሌባ…። የጨዋታው መሪ ዓለሙን ይተርካል፣ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። እርስ በርስ መሸናነፍ የለም። «ታዲያ ካልተሸናነፉ ሚዛን ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። የማንስማማው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ማን የበለጠ ይገድላል አይደለም። ከፊት ገደል አለ እንበል። የተዋጊው ተጫዋች «መውጣት እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። መሪው «ዳይስ ጣል» ይለዋል። ባለ 20 ገጹ ዳይስ 3 ካመጣ፣ ጀግናችን ወደቀ። አስማተኛው ግን «እበራለሁ» ይላል። በቃ፣ በረረ! አንዱ ይለምናል፣ ሌላው ያውጃል። ደረጃቸው ከፍ ባለ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። በ3ኛው እትም (እ.ኤ.አ. 2000) አስማተኛው 5ኛ ደረጃ ላይ መብረር፣ 9ኛ ላይ ከቦታ ቦታ በቅጽበት መሰወር፣ 17ኛ ላይ ምኞቱን በቃል ብቻ መፈጸም ይችል ነበር። ተዋጊውስ? በየደረጃው ለመምታት አንድ ነጥብ ይጨመርለታል። አንዱ በመደመር ሌላው በማባዛት ያድጋል ማለት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ጀማሪ አስማተኛ የሕይወት ነጥቡን የሚያገኘው ባለ 4 ገጽ ዳይስ ጥሎ ነበር፤ ተዋጊው ግን ባለ 10 ገጽ። አስማተኛው በቀን የነበረው አንድ ድግምት ብቻ ነው። እየደገመ ሳለ ከተመታ ደግሞ ድግምቱ ይከሽፋል። ተዋጊው በበኩሉ 9ኛ ደረጃ ሲደርስ ምሽግ ሠርቶ፣ ጭፍራ አስከትሎ፣ ጌታ መሆን ይችል ነበር። አስማት ኃይለኛ ነበር፣ ግን ዋጋ ያስከፍል ነበር። ጎራዴም ከውጊያ ውጪ ክብር ነበረው።

3ኛው እትም ሕጉን ወጥ አደረገ፣ ብዙ ነገርም አቃለለ። ሲያቃልል ግን የአስማትን ዋጋ አብሮ ቀነሰው። አስማተኛው ጠላት አጠገብ ቆሞ እንኳን ተጠንቅቆ በመደገም ድግምቱን ማዳን ቻለ። የተዋጊው ምሽግና ጭፍራ ግን ከሙያው ጥቅም ተሰረዘ። ለአንዱ ዕዳው ተሰረዘለት፣ ለሌላው ደመወዙ ተቆረጠበት እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 4ኛው እትም መድኃኒት ይዞ መጣ። ለሁሉም ሙያ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ በአንድ ፍልሚያ አንዴ የሚሠራና በቀን አንዴ የሚሠራ ችሎታ አደለ። ሚዛኑ ተስተካከለ። ብዙ ተጫዋቾች ግን «ሁሉም ሙያ አንድ ዓይነት ሆነብን» ብለው አኮረፉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፔይዞ የተባለው አሳታሚ የ3ኛውን እትም መንገድ የተከተለውን ፓዝፋይንደርን ሲያወጣ ብዙዎቹ ወደዚያ ኮበለሉ። ትምህርቱ ግልጽ ይመስለናል። ሁለት ሰዎች እኩል እንዲደመጡ የግድ አንድ ዓይነት ድምፅ አያስፈልጋቸውም።

የ2014ቱ 5ኛ እትም መሀል መንገድ ፈለገ። ትኩረት የሚጠይቁ ሁለት ድግምቶችን በአንድ ጊዜ መያዝ ተከለከለ። ተዋጊው ደግሞ በ11ኛ ደረጃ በአንድ ተራ ሦስት ጊዜ፣ በ20ኛ አራት ጊዜ እንዲመታ ተፈቀደለት። መልካም! ግን ገደል ፊት ሲቆም አራት ጊዜ መምታት ምን ይረባዋል? ገደሉን ይምታው? በ2024 የታደሰው መመሪያ ይህ የገባው ይመስላል። ተዋጊው ከውጊያ ውጪ ያደረገው ሙከራ ሲከሽፍበት ባለ 10 ገጽ ዳይስ ጥሎ ውጤቱን እንዲደግፍ ፈቀደለት። አቅጣጫው ትክክል ነው። ግን አሁንም ዳይስ ነው፣ አሁንም ልመና ነው።

«አስማት አስማት ነው፤ ሰው ደግሞ ሰው ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። ይቅርታ ይደረግልንና፣ በዚህ ጨዋታ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ ከሰማይ ጠቀስ ገደል ወድቆ አቧራውን አራግፎ ይነሳል፣ ዘንዶ በጎራዴ ይገጥማል። «ሰው ነው» የሚባለው በር ፊት ሲቆም ብቻ ለምን ይሆናል? ሶምሶን የጋዛን በር ከነመቃኑ ነቅሎ ተራራ ላይ ሲያወጣው «ዳይስ ጣል» ያለው አልነበረም። ቤዎውልፍም የግሬንድልን ክንድ የገነጠለው በባዶ እጁ ነው። የጥንት ተራኪዎች ለጀግኖቻቸው ያልነፈጉትን እኛ ለጓደኞቻችን ለምን እንነፍጋለን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ ለተዋጊ ሙያው የሆነው ነገር ያለ ዳይስ ይፈቀድለት። ሁለተኛ፣ የጨዋታው ቀን ይርዘም። የ2014ቱ የመሪዎች መመሪያ በቀን ከ6 እስከ 8 ፍልሚያ ያስባል፤ ፍልሚያው አንድ ብቻ ከሆነ አስማተኛው ያለውን ሁሉ አንዴ አራግፎ ይተኛል፣ ዋጋ የሚባል ነገር አይቀምስም። ሦስተኛ፣ ተዋጊው ስም ይኑረው። ወታደሮች ይወቁት፣ የከተማ በር ይከፈትለት፣ ንጉሥ ያማክረው።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላል ያገራችን ሰው። ሁለቱ ሁለት የሚሆኑት ግን ሁለቱም ሲሠሩ ነው። የጨዋታ መሪ ከሆናችሁ፣ ተዋጊያችሁ «እችላለሁ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ዳይሱን ተዉትና «እንዴት አድርገህ?» በሉት።