የእርግብ ጫጩት ይበላል ወይስ አይበላም?

ከአዳማ (ናዝሬት) እስከ መቂና ዝዋይ (ባቱ) ድረስ በብዙ ቤት ጣሪያ ሥር እርግብ አለ። ልጆች ሣጥን ሰቅለው ያረቧታል፤ ስትበዛም ገበያ አውጥተው ይሸጧታል። «ለምን አትበሏትም?» ያልናቸው እንደሆነ ግን ይሥቁብናል።

ምክንያቱ ይታወቃል። ክርስቲያኑ የኖኅን መርከብና የዮርዳኖስን ጥምቀት እያሰበ ያከብራታል። ሙስሊሙም ቢሆን ሥጋዋ አልተከለከለበትም፤ ብዙው ግን ልማዱ የለውም። በኦሪት ሕግ እኮ በግ መግዛት ያልቻለች ድኻ እናት ለመሥዋዕት የምታቀርበው ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የእርግብ ጫጩት ነበር። ርኩስ ቢሆን መቼ ይቀርብ ነበር? ሕሊናው ያልፈቀደለትን ማንም አያስገድደው። የሚበላውንም አናሽሟጥበት።

ልጅ ነው ብላችሁ አትናቁኝ እንጂ እኔ ይበላ ባይ ነኝ። በቤታችን ሥጋ የሚገባው በዓል ሲመጣ ነው። ዶሮዋም ለዘይትና ለደብተር ትሸጣለች። የሕፃን አካል ግን በዓል እስኪመጣ አይጠብቅም።

እስቲ ነገሩን ተመልከቱ። እርግብ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ 18 ቀን ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ እንደ ዶሮ ጫጩት ጭረው አይበሉም፤ ወላጆቻቸው ከጉሮሯቸው ሥር ካለው የእህል ከረጢት ወተት መሳይ ምግብ እያወጡ ያጎርሷቸዋል። በ4 ሳምንት ገደማ ወላጆቻቸውን ሊያህሉ ይደርሳሉ፤ ገና ግን አልበረሩም። መታረድ ያለባቸው ያኔ ነው። አንዴ ከበረሩ የደረታቸው ሥጋ ይጠነክራል። ግብፆች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። በጭቃ ማማ ያረቧታል፤ ሆዷን ሩዝ ወይም የስንዴ ክክ ሞልተው ይበሏታል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሥጋዋ ትንሽ ነው። ዶሮ 12 ብልት ይወጣታል፤ የእርግብ ጫጩት ለአንድ ሰው ብትበቃ ነው። ለድግስ አትሆንም። በደንብ ቀቅሎ፣ ከአጥንት ለይቶ፣ አድቅቆ ለሕፃን ማጉረስ ግን ይቻላል።

ሌላው ጉዳይ ጠብ ነው። እርግብ የምትለቅመው የማንን ጥሬ ነው? ልጃችሁ 20 ጥንድ አርብቶ እናንተ ጥሬ ካልሰጣችኋት፣ የምትበሉት የጎረቤታችሁን ስንዴ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጥንድ ብቻ ያዙ፤ ቀለቧንም እቤት ስጧት። በተለይ መድኃኒት የታሸ ዘር ሲዘራ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲረጭ ዘግታችሁ አቆዩአት። መድኃኒት የለቀመች እርግብ ለጫጩቶቿም ያንኑ ታጎርሳለች። ሞታ የተገኘችውንማ ለድመትም አትስጡ፤ ቅበሯት።