ግድግዳው ሳይቆም ጉድጓዱ ይቆፈር



መጠለያ ለሌላቸው ወገኖቻችን ቤት ሊሠራ መታሰቡ የሚያስመሰግን ነው። የፍሳሹ ነገር ግን መረሳት የለበትም። አዲስ አበባ እንኳ፣ ቃሊቲ ላይ ትልቅ ማጣሪያ ጣቢያ እያላት፣ የፍሳሽ ቧንቧ ያልደረሰው ሠፈር ብዙ ነው። ታዲያ እኛ ሸቤ ቧንቧ እስኪመጣ እንጠብቅ ብንል ዝናቡ አይጠብቀንም።

«እኛ ሠፈር አይሠራ» የሚሉም አሉ። ሰዎቹ እኮ ዛሬም እዚሁ ናቸው፤ መጸዳጃ ስለሌላቸው ሜዳ ይወጣሉ። ያንን ጎርፍ ጠርጎ ወደ ምንጭ ያወርደዋል። ኮሌራ ደግሞ ቤት ያለውንና የሌለውን አይለይም።

ስለዚህ የመጸዳጃው ጉድጓድ ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ፤ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ገንዘብ ያለው በገንዘቡ ይርዳ ስንል እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ